ሙሉ እጅጌ

ግንቦት ነው። ድሬ ላይ ንፋሱም ተኝቷል፣
የደቻቱ አሸዋ በጫማም ያቃጥላል።
ወንዱ በሽርጡ፣ ሴቷ በድሪያ፣
እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው ገበያ።
በዚያ ሰዓት መጣ ሻረው ፍሬን ያዡ፣
ከጅቡቲ የወረደ ሰማያዊ ፖፕሊን በእጁ።
«ሸሚዝ ስፋልኝ» አለኝ፣ «ሙሉ እጅጌ ይሁን፣
አንገቱም ይዘጋ፣ ሸፍንልኝ ሁሉን።»
«አቦ፣ በዚህ ሙቀት? ደህና ነህ ወይ?» አልኩት።
«ዝም ብለህ ለካ» አለ። ሜትሬን ፈታሁት።

ትከሻውን ለካሁ፣ ክንዱን፣ የአንገት ዙሪያ፤
ደረቱን ልከበው ስል ዘለለ ወዲያ።
ከጀርባው ተነሥቶ፣ ጎድኑን ተከትሎ፣
ውሃ የቋጠረ ፍም በሰልፍ ተንጠልጥሎ።
ስም ማውጣት ይችላል ያገራችን ሰው፣
«አልማዝ ባለጭራ» ብሎ ነው የሚጠራው።
ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ሳይገዛ
በጎኑ አልማዝ ታጥቆ ሻረው በላብ ወዛ።
ስሙን ሻረው ብለው ቁስሉ ያልሻረለት፣
እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ ጨርቅ እሾህ ሆኖበት።

«ጭራው ዞሮ መጥቶ ከራሱ ከገጠመ...»
አለና ዝም አለ፤ ነገሩ እዚያው ቆመ።
ማጽናናት አልተማርኩም፤ እጄ ላይ ያለው ሜትር ነው።
አዞርኩት፣ ቆዳውን ሳልነካ፣ ቁጥሩን አነበብኩለት፤
«ዙሪያህ ዘጠና ሁለት። እሱ የያዘው አርባ ነው።
ሃምሳ ሁለቱ ያንተ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ አመመው፤ ጎኑን ደገፈ።
«ያንተስ ለምንድን ነው እስካንጓ የተቆለፈ?»

መቀሴን አስቀመጥኩ፤ መልሼ አነሣሁ፤
የሁለት ዓመት ውሸት ሲተረተር ሰማሁ።
ለናቴ «ሙቀት ነው»፣ «ትኋን ነው» ለሚስቴ፣
«ምች ነው፤ ዳማከሴ አለሽ?» ለጎረቤቴ።
ስሙ ግን ሽፍታ ነው፤ ያውም የለየለት፣
ቀን እጅጌዬ ጫካው፣ ዘረፋው ሌሊት።
አንሶላው ደም ይሆናል ከማከክ ብዛት፤
ነጅማ ዝም ብላ ታጥበዋለች ጧት።
ባለፈው የሷንም ቀሚስ እጁን አስረዘምኩ፤
«ምነው?» አላልኳትም። ክሩን በጠስኩ።

ቁልፌን ፈታሁና ክንዴን ዘረጋሁ።
እብጠቱን ቆጠረ እንደ ሐዲድ ችንካር፤
«ሽንሌ... አይሻ...» አለ። ሳቅሁ።
በጣቱ ነበረ የቆጠረው። በጣቱ።
ሰው ቆዳዬን ከነካ ሁለተኛ ዓመቱ።

ሐሙስ ለት ሄድን፣ ድል ጮራ፣ በአንድ ባጃጅ፤
ወረፋው እስከ ውጪ፣ ሁሉም ባለ ረጅም እጅ።
መድኃኒቱም በፊናው፣ በሁለት ሳምንቱ፣
ቀይ ሽፍታ አወጣብኝ ደረቴ ላይ ከነእሳቱ።
ሲስተር ኢፍቱ አየችው መነጽሯን ገፍታ፤
«ይሄስ የመድኃኒቱ ነው፣ የኛ ወገን ሽፍታ።
አፍህ ከቆሰለ ግን ዋል አደር ሳትል ና።
ሚስትህንም ይዘሃት ና።»

ነጅማ ክንዷን ስትገልጥ በዚያች ጠባብ ቤት
ዓይኔ ያረፈው ስፌቱ ላይ ነው። የኔው ስፌት።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ሻረው መጣ ደግሞ፣
ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ።
«ቁረጠው» አለኝ። ክርኑ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፤
ሁለት እጅጌ ወደቀ። እስከ ዛሬ አልጣልኩ፤
መርፌ እሰካባቸዋለሁ።

ባቡሩ ሲቆም ፍሬን ያዥነቱም ቀረ፤
አሁን ታይዋን በር ላይ የእጅ ሰዓት ይሸጣል።
ይነጫነጫል። ያረጃል።

ያን ቀን ግን ጎኑን ገልጦ አሳየኝ፤ ጠባሳው ጠማማ፣
ልምድ የሌለው ሰፊ የሞከረው በጨለማ።
እኔ ብሰፋው ኖሮ መስመሩን አቃናው ነበር።
ግን ይዟል።